የመብራት ያዡ ጥላ

መብራት ያዡ ሞቷል ብዬ ድርቅ ያልኩት እኔ ነበርኩ። አልሞተም ብላ የምትከራከረኝ ደግሞ ጎረቤቴ ነበረች። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ቦታ እንደተለዋወጥን፣ የተለዋወጥነውም በእኔ ጥፋት እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።

ሲጀመር ጨዋታ ነበር። ሰቆጣ ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው መንገድ ላይ፣ አንዲት ጠባብ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ ለሰው ስልክ ላይ ዘፈንና ፊልም እጭናለሁ። ከእኔ ቤት በቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ተለይታ እሷ የልብስ ስፌት ቤት አላት። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የካህናት ካባ፣ የተቀደደ ሱሪ፣ ያመጡላትን ሁሉ ትሰፋለች። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የስፌት መኪናዋ ሲቆም ደክሟት ይሁን ክር ተበጥሶባት ከድምፁ እለያለሁ። ሁለታችንም ሠላሳን የተሻገርን፣ ትዳር ያልያዝን ሴቶች ነን። በዚያ ዕድሜያችን በካርቱን አበድን።

ካርቱን ስል የሕፃናት አይደለም። በሥዕል የተሠራ ረጅም ተከታታይ ፊልም ነው። ገደል አፋፍ ላይ የተሠራች ከተማ አለች። ከገደሉ ሥር ጭጋግ ይወጣል። ጭጋጉ ሰውን በሚወደው ሰው ድምፅ ይጣራል፤ የሰማ ሁሉ ድምፁን ተከትሎ ይሄዳል፣ ሄዶም አይመለስም። ከተማዋን ከማዶ የሚያገናኝ የገመድ ድልድይ አለ፤ ሰው በተሻገረ ቁጥር ፊት ፊት መብራት ይዞ የሚሄድ ወጣት አለ። እኛ «መብራት ያዡ» አልነው። ደወል የምትደውል እህት አለችው። በሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ገደማ ገመዱ ተበጥሶ መብራት ያዡ ወደ ጭጋጉ ይወድቃል፤ መብራቱ ብቻ እያነሰ፣ እያነሰ ሲወርድ ለረጅም ጊዜ ይታያል። ምዕራፉም ጥቂት ቆይቶ፣ መሞት መኖሩን ሳይነግረን ያቆማል። ሦስተኛው ምዕራፍ ገና አልደረሰንም ነበር።

ኔትወርክ በክረምት ሰቆጣ ላይ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይጠፋል። በመጣ ጊዜ ደንበኛ ቢጠብቀኝም ባይጠብቀኝም፣ የፊልሙ ወዳጆች በየገጹ የጻፉትን ግምት አወርዳለሁ። ሰው ሥራ ሲፈታ ምን ምን እንደሚያስብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አንዱ፣ ባለጭምብሉ ፈረሰኛ ራሱ መብራት ያዡ ነው ይላል። ሌላው፣ ጭጋጉ የሙታን ትንፋሽ ነው ይላል። ሌላዋ ደግሞ፣ ከተማዋ ድሮ አልቃለች፣ የምናየው ሁሉ የእህትየዋ ሕልም ነው ትላለች። ሁሉንም ወደ አማርኛ እመልስና አትሜ በቆርቆሮው ክፍተት አሾልክላታለሁ። እሷም አንብባ፣ ጠርዙ ላይ በእርሳስ ጽፋበት ትመልስልኛለች።

የምትጽፈው ሁልጊዜ «አንድም» ብሎ ነው የሚጀምረው። ሟቹ አባቷ የትርጓሜ መምህር ነበሩ። ከተማሪዎቻቸው ጋር አንዲት የመጽሐፍ ቃል ይዘው «አንድም እንዲህ ማለት ነው፣ አንድም እንዲያ ማለት ነው» እያሉ ሲያፍታቱ፣ እሷ ከጓዳ ሆና እየሰማች ነው ያደገችው። ሴት ናትና ከጉባኤው አልተቀመጠችም፤ ወንዶቹ የረሱትን ግን ይዛዋለች። ይህንን ትምህርት በካርቱን ላይ ስታውለው አባቷ ቢያዩዋት ይቆጧት ነበር ወይስ ይስቁ ነበር እያልኩ አስብ ነበር።

«አንድም መብራቱ ወርዶ አለመጥፋቱ ነፍሱ አለመውጣቷን ያሳያል» ብላ ጻፈችልኝ አንድ ቀን። «አንድም የወደቀው መብራቱ ነው እንጂ እሱ አይደለም፤ እጁ አልታየምና። አንድም ጭጋጉ የሚጣራው ወስዶ ባስቀረው ሰው ድምፅ ነው፤ እህቱን ግን እስካሁን በእሱ ድምፅ አልጠራትም፤ እንግዲያው ጭጋጉ ዘንድ የለም።» ይህን የመጨረሻውን በየትኛውም ገጽ ላይ አላገኘሁትም። ባሕር ማዶ ያሉት ሁሉ ተሰብስበው ያላዩትን እሷ ሱሪ እየጠቀመች አየችው።

እኔ ግን በቀላሉ የምረታ ሰው አይደለሁም። ፊልሙን ቀስ እያልኩ፣ እያቆምኩ ስመረምር ውዬ አንድ ነገር አገኘሁ። መብራት ያዡ ከወደቀ በኋላ እህቱ በር ላይ ቆሞ የምታየው ትዕይንት አለ፤ አልሞተም ባዮች ሁሉ የሚጠቅሱት እሱን ነው። እዚያ ላይ የበሩ ጥላ አለ፣ የእህቱ ጥላ አለ፣ የውሻዋ ጥላ እንኳ አለ። የእሱ የለም። ሥዕሉን አትሜ ጥላዎቹን በቀይ እስክሪብቶ ከብቤ፣ ሥራዋን አስቁሜ አሳየኋት። ብዙ አየችው።

«አይ እቴ፣ ሥዓሊው ረስቶት ይሆናል» አለች።

«የውሻ ጥላ ያልረሳ ሰው የእሱን ይረሳል?» አልኳት። «ሥዓሊ አይረሳም። እዚህ ፊልም ላይ የተረሳ ነገር የለም። ከፈለግሽ እምልልሻለሁ።»

ማልኩላትም። በእናቴ ስም ስምል ሳቀችብኝ። ያን ጊዜ እንደልቧ ትስቅ ነበር።

ታናሽ ወንድም አላት፤ ነበራት። ተከዜ ላይ ከተገደበው ውኃ ዓሣ ያጠምዳል። በአበርገሌ በኩል፣ በዚያ በሚፋጅ ቆላ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ጀልባ አላቸው። ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ በወጣ ቁጥር ይደውልላታል። ድምፁን ከፍ አድርጋ ስለምታወራ፣ «አሁንም ካርቱን ላይ ናችሁ?» እያለ ሲያሾፍብን ከግድግዳው ማዶ እሰማዋለሁ። አባታቸው ሲሞቱ እሱ ገና ልጅ ነበር፤ ያስተማረችው በዚያች በስፌት መኪና ነው። እናታቸው በዚያ ክረምት አምደወርቅ ነበሩ። ሌላዋ ልጃቸው እዚያ ወልዳ ሊያርሷት ሄደው ስለነበር እሷ ቤት ውስጥ ብቻዋን ነበረች።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሐጂ ወደ ኮፒ ቤቴ ገቡ። ሐጂ ከገበያው ጥግ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ አዛውንት ናቸው። መኪናቸው ወደ ደሴም ወደ ቆላም ስለሚመላለስ ፊልሙን በፍላሽ የሚያመጣልኝ የእሳቸው ሾፌር ነው። ሐጂ ራሳቸው ግን እኔ ቤት ገብተው አያውቁም። ከኋላቸው የጎረቤቴ የንስሐ አባት ገቡ። ሐጂና ቄሱ አብረው ገብተው በሩን ገርበብ ሲያደርጉ ሥራዬን ትቼ ተነሣሁ።

«እየሰፋች ነው?» አሉኝ አባ ቀስ ብለው።

የስፌት መኪናዋ ድምፅ ከግድግዳው ማዶ ይንጣጣል። «እየሰፋች ነው፣ አባ» አልኩ።

«እንግዲያው ሳይቆም እንናገር።»

የተናገሩት ሐጂ ናቸው። ጀልባዋን ነፋስ ገልብጧታል። ሁለቱ ጓደኞቹ ጀልባዋ ላይ ተንጠልጥለው ወጡ፤ እሱ አልወጣም። የአካባቢው ሰው ለቀናት ፈለገው፤ ሬሳው አልተገኘም። ሐጂ ይህን ብለው ሳይጨርሱ መኪናው ቆመ። ሦስታችንም ዝም አልን። አባ መስቀላቸውን እንደያዙ ወለሉን ያያሉ። ከማዶ መቀስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ መኪናው ተነሣ፤ ሐጂም ካቆሙበት ቀጠሉ።

«እናትየዋ አራስ ቤት ናቸው» አሉ አባ ተቀብለው። «አራስ ቤት መርዶ አይገባም፤ የልጅቱ ወተት ይደርቃል። ሕፃኗ ሴት ናት፤ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ከዚያ እናትየዋ ወደዚህ ሲመጡ እናትና ልጅን አንድ ላይ እናረዳቸዋለን። አምስት ሳምንት ቢሆን ነው።»

«ለእኔ ለምን ትነግሩኛላችሁ?» አልኩ። ተናድጄ ነበር። ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

«የምትውለው ካንቺ ጋር ነው፣ ልጄ» አሉ ሐጂ። «አንዱ አፍ አምልጦት እንዳይነግራት ጠብቂያት። ፊትሽን አደራ።»

ወጋችን ነው። ሰው ሲሞት አገሩ አስቀድሞ ይሰማል፣ የሟች ወገን መጨረሻ ይሰማል። ማለዳ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰው በሰው ተደግፎ ነው የሚረዳው። ይህን ወግ ከከተማ የመጡ ሰዎች ሲያሙት ብዙ ጊዜ ተሟግቼለታለሁ፤ ክፉ ወሬን ማንም መንገድ ላይ ብቻውን እንዳይሰማ የተበጀ ነው እላቸው ነበር። ያን ዕለት ግን ራሴ ከሚያውቁት ወገን ሆንኩ። 

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ፣ መብራትም ሄደ። እሷ ራሷን በላስቲክ ሸፍና መጣችና ከባንኮኒው ፊት ካለችው በርጩማ ተቀመጠች። በቀይ እስክሪብቶ የከበብኩትን ሥዕል ይዛ ነበር።

«ጥላውን አስቤበታለሁ» አለች። «አንድም...»

አላስጨረስኳትም። «እኔም አስቤበታለሁ» አልኩ። «ልክ ነሽ። ሥዓሊው ረስቶት ነው። አልሞተም።»

እጇ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ቀረ። «ሥዓሊ አይረሳም ብለሽ ምለሽልኝ ነበር» አለች።

«ተሳስቼ ነበር።»

«አንቺ?» አለች። ፈገግ ልትል ሞከረች። «አንቺ ተሳስተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሬሳው ሳይታይ ደግሞ ሞተ አይባልም» አልኩ። የፊልም ወዳጆች ሁሉ የሚሉት ነገር ነው፤ በየገጹ ተጽፎ አንብቤዋለሁ፤ እስከዚያ ቀን ድረስም ስቄበታለሁ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን ከሐጂ የሰማሁት ነገር ትዝ አለኝና ፊቴ ጋለ። እሷ ዓይኗን ከፊቴ ላይ አልነቀለችም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ወረቀቱን አጥፋ ከደረቷ ከተተችና ራሷን እንዳመማት ነግራኝ ሄደች። ያን ቀን የስፌት መኪናው ዳግመኛ አልተነሣም። እኔ ደግሞ ተስፋ ሰጠኋት ብዬ ራሴን አመሰገንኩ። አሁን ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

በማግስቱ በክፍተቱ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ሾልካ መጣች። «አንድም ጥላ የሌለው ሥጋ ስለሌለው ነው» ትላለች። ከዚያ ሌላ ምንም የለባትም። ያነበብኳት ደጋግሜ ነው። ለወራት አልሞተም ስትል የኖረች ሴት፣ እኔ በተስማማሁ ማግስት ሞቷል አለች። እልህ ይዟት ነው ብዬ ተረጎምኩት፤ እኔ ብሆን የማደርገው እሱን ነውና።

ከዚያ ወዲህ ክርክራችን ተገለበጠ። እሷ በየቀኑ የመሞቱን ምልክት ታመጣለች፣ እኔ የመኖሩን። ሲያልቅብኝ መፍጠር ጀመርኩ። ኔትወርክ ሳይኖር፣ ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ጻፉት እያልኩ፣ ራሴ እየጻፍኩ አትም ነበር። በአንዱ ወረቀት ላይ ገደሉ ሥር ወንዝ አለ፣ ወንዙ ወስዶ ማዶ አውጥቶታል አልኩ። በሌላው ላይ አንዲት ባልቴት አግኝታው ዋሻ ውስጥ እያስታመመችው ነው፣ ድምፁ ስለጠፋ ነው መልእክት ያልላከው አልኩ። አንዱን እንዲያውም ከብራዚል የመጣ ነው ብያታለሁ። እሷ ወረቀቱን ትቀበለኛለች፣ ቆማ ታነባለች፣ ጠርዙ ላይ ሳትጽፍበት ታጥፈዋለች።

«ይቺን ማን ጻፋት አልሽኝ?» አለች ስለ ባልቴቲቱ የጻፍኩትን ይዛ።

«አንዲት ሴት ናት። ከውጭ።»

«ደግ ሴት ናት» አለች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። በጨለማ ስትሰፋ አምሽታ ነው አልኩ በልቤ፤ በዚያ ሳምንት መብራት ማታ ማታ ይጠፋ ነበር።

ወንድሟ ጋ መደወል ተወች። በፊት በገበያ ቀን ሁሉ ትሞክር ነበር። ባይሳካላትም «ጉብታው ላይ አልወጣም ማለት ነው» ብላ ስልኩን ታስቀምጣለች። አሁን ስልኩን አታነሣውም። እኔም ተገላገልኩ፤ ጥሪው ሳይነሣ ሲቀር ምን እላታለሁ እያልኩ ስፈራ ነበር። ለምን እንደተወች አልጠየቅኳትም።

ሰቆጣ በበኩሏ አልቻለችበትም። ሰው ለማዘን ቸኩሎ ነበር። በቦኖ ውኃ ወረፋ ተጣልታት ዓመት ያኮረፈቻት ሴት መጥታ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። የጠላ ብቅል የምትሸጠው ጎረቤት በየቀኑ ምሳ ትልክላት ጀመር። በገበያ ስታልፍ ወሬ ይቋረጣል፤ ካለፈች በኋላ ደግሞ አሮጊቶቹ ከንፈር ይመጥጣሉ። እንዳትሰማቸው ብለው በአገሩ አገውኛ፣ በኽምጥኛ ያንሾካሹካሉ፤ ኽምጥኛ ደግሞ አፏን የፈታችበት ነው። ምግቡን እየተቀበለች «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች፣ ከዚያ ለእኔ ታመጣልኛለች። እሷ ስትበላ ግን አላየሁም።

አንድ ቀን ሥራ ሳይኖረን ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ጭጋጉ ከሸለቆው ወደ ከተማው ሲወጣ እናያለን። ነሐሴ ገብቶ ነበር፤ ፍልሰታ ነው፤ የቅዳሴው ድምፅ ከላይ ይሰማል።

«ስለ ደወል ደዋይዋ አዲስ ነገር አግኝቻለሁ» አለችኝ። «ወንድሟ ከወደቀ በኋላ ገበያ የወጣችበትን ታስታውሻለሽ? ስታልፍ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። የማትወዳት ሴት ዳቦ ትሰጣታለች።»

«አላስተዋልኩም» አልኩ።

«ከተማው በሙሉ ያውቃል። አንድም እሷ ብቻ አላወቀችም። አንድም ታውቃለች፤ ግን የሚነግራት ሰው ስላልመጣ ማልቀስ አልተፈቀደላትም።» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ የቱን ትመርጫለሽ?»

ያን ጊዜ ሸለቆው በሙሉ ተሸፍኖ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ምላሴ ላይ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያ ቀን ይበልጥ የቀረብኩበት ጊዜ የለም። ከዚያ አደራው ትዝ አለኝ፣ አባ ትዝ አሉኝ፣ አራሷ ትዝ አለችኝ፣ ከሁሉም በላይ ግን የእሷ ጩኸት እዚህ ደጃፍ ላይ፣ በእኔ እጅ ሲወጣ ታየኝና ፈራሁ። ወግ ማክበር ብቻ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር።

«እንዲህ ያለ ግምት የትም አላነበብኩም» አልኳት።

«እሺ» አለች። ተነሥታ ገባች፤ መኪናውም ተነሣ።

መኪናው በዚያ ሰሞን ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ይሰፋ ነበር። ሐጂ እየሮጡ ሊባል በሚችል አረማመድ የመጡት ያኔ ነው። አንዴ አደራ ካሉ በኋላ የሚጠራጠሩ ሰው አይደሉም፤ ያን ዕለት ግን ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

«ነግረሻታል እንዴ?» አሉኝ።

«አልነገርኳትም፣ ሐጂ። ምነው?»

«ከእኔ ጥቁር ጨርቅ ገዛች። ለሁለት ቀሚስ የሚበቃ።»

 ወዲያው መልስ አገኘሁለት፤ ለነገር ሁሉ መልስ ማግኘት የምታውቅ ሴት ነኝ። «የደንበኛ ይሆናል፣ ሐጂ። የሰው ልብስ ነው የምትሰፋው።» እሳቸውም እንዲሆንላቸው ስለፈለጉ አመኑኝ። ሲሄዱ ገብቼ ጠየቅኳት፤ ጨርቁ መኪናው ሥር ተዘርግቷል።

«የማን ነው?»

«የአንዲት እናት» አለች። መርፌው ላይ አጎንብሳ ነበር፤ ቀና አላለችም። እኔም የሰው ነው ብዬ ወጣሁ። አንዲት የካርቱን ጥላ ጎደለች ብዬ ስንት ሳምንት የተከራከርኩ ሰው፣ ዓይኔ ሥር የተዘረጋውን ጥቁር ጨርቅ ማንበብ አቃተኝ።

ሦስተኛው ምዕራፍ የመጣው ክርስትናው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። የሐጂ ሾፌር ፍላሹን ባንኮኒው ላይ ጥሎልኝ ሄደ። በሩን ዘግቼ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻዬን አየሁ። መብራት ያዡ በሕይወት አለ። እህቱ በሩን ስትከፍት እዚያው ቆሟል፣ ከስቷል፣ ይስቃል፤ ጥላውም እግሩ ሥር ተዘርግቷል። ያቺ በሥዕል የተሠራች ልጅ ስታቅፈው እኔ ኮምፒዩተሩን አጠፋሁና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። የፈጠርኩት ሁሉ እውነት ወጣ፤ የወጣው ግን ለተሳሳተው ሰው ነው። ፍላሹን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

«መጣ እንዴ?» አለችኝ ከሰዓት በኋላ።

«አልመጣም።»

«የሐጂ ሾፌር ካንተ... ካንቺ ቤት ሲወጣ አይቼው ነው» አለች። ከዚያ መልስ ሳትጠብቅ «ይሁን፣ ሲመጣ ይመጣል» ብላ ተመለሰች። ምላሷ ሲያደናቅፋት ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እናቷ ከአምደወርቅ በሚኒባስ የገቡት ክርስትናው ካለቀ በኋላ ነው። አራሷም ሕፃኗን አዝላ አብራ መጣች። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተሰበሰብን። ወንዶቹ ጋቢያቸውን፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። ሐጂ ከነጋዴዎቹ ጋር ወደ ኋላ ቆመዋል። የሚሰማው የእግራችን ኮቴ ብቻ ነው። እኔን ከፊት አደረጉኝ፣ ስትወድቅ እንድይዛት። ቁልቁል ስንወርድ እጆቼን አፍታታ ነበር፤ በየት በኩል እንደምደግፋት፣ ራሷን ከድንጋይ እንዴት እንደማድናት ሳሰላ ነበር።

በሩ ተከፍቶ ጠበቀን። ወለሉ ተጠርጓል፣ አግዳሚዎቹ ከጎረቤት ተለምነው ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል። እናትየዋ ገና ከመኝታቸው ተነሥተው በግርታ ያዩናል። እሷ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ከእናቷ ጎን ቆማለች፤ ሁለተኛውን አጥፋ በክንዷ ይዛዋለች። አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሚሉትን ያውቁታል፤ ስንት ቤት ብለውታል። ግን ቀሚሱን ሲያዩ ቃል ጠፋባቸው።

«ይተዉት አባ» አለቻቸው። «እኔ ልንገራት።»

እናቷን በሁለት እጇ ይዛ በኽምጥኛ ነገረቻቸው። አጭር ነበር። እናትየዋ ከወገባቸው ሲታጠፉ የያዘቻቸው እሷ ናት፤ እህቷ ስትጮህ ሕፃኗን የተቀበለቻት እሷ ናት። እኔ ለመያዝ የተዘጋጁ እጆቼን ዘርግቼ መሀል ወለል ላይ ቆሜ ቀረሁ። አንዲት አሮጊት ገፍተውኝ አለፉ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሳሳ ሲል ከጎኗ ተቀመጥኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ሳህን ሳመላልስ አንድ ጊዜ እንኳ አላናገረችኝም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «መቼ ነው ያወቅሽው?» አልኳት።

«ሐጂና አባ ሲገቡ አየኋቸው» አለች። «መኪናዬን ሳቆም ዝም አላችሁ። ቢሆንም ያን ጊዜ ገና አንድም እል ነበር። አንድም የሰው ጉዳይ ይሆናል፣ አንድም እኔን የማይመለከት ሐሜት ይሆናል እያልኩ ሥራዬን ቀጠልኩ። ከሰዓት በኋላ አንቺ ሥዓሊው ረስቶት ነው ስትዪኝ፣ አንድም የምለው አለቀብኝ። አንቺ በምንም ነገር ተረትተሽ አታውቂም። ያረዳሽኝ አንቺ ነሽ።»

 አምስት ሳምንቱ በሙሉ አንድ በአንድ መጣብኝ፤ ያልተበላው ምሳ፣ የቀላው ዓይን፣ ብራዚል።

«ከዚያ በኋላ እንድትነግሪኝ ጠበቅኩሽ» አለች። «በየቀኑ። ካንቺ ጋር ብቻ ሆኜ ባለቅስ ይበቃኝ ነበር። አንቺ ወረቀት ታሾልኪልኝ ነበር።»

«አደራ ብለውኝ ነበር» አልኩ። «ሐጂም፣ አባም።»

«አውቃለሁ» አለች። «እነሱን አልተቀየምኳቸውም።»

ነጠላዋን አስተካክላ፣ ገና ከበር ለገቡ ለቀስተኞች ልትነሣ ስትል እጄን ዘረጋሁላት። በራሷ ተነሣች።